ሶሪያሲስ ያለባችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ ሶሪያሲስ የሚባለው ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ በሽታ ከያዘኝ ስድስት ዓመት አለፈኝ። መጀመሪያ ክርኔ ላይ ትንሽ ቀይ ነገር ወጣች፤ ጭርት ነው ተብዬ ለወራት የፈንገስ ቅባት ስቀባ ከረምኩ። በኋላ የቆዳ ሐኪም አይቶ ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት አዘዘልኝ። በሁለት ሳምንት ጥፍት አለ፣ ሳቆም ግን ብሶበት ተመለሰ። አሁን ጭንቅላቴም ላይ ስላለ ጥቁር ሹራብ መልበስ ትቻለሁ፤ ትከሻዬ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። የታክሲ ረዳት እንኳ እጄን ሲያይ መልሱን ሳይነካኝ ከላይ ጣል ያደርግልኛል። እንደማይተላለፍ ለስንቱ ላስረዳ?

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ መጣ። ጥፍሮቼ በመርፌ ጫፍ እንደተወጉ ተበሳስተዋል፤ ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፣ የጀበና ክዳን መያዝ ያቅተኛል። ሐኪሙ መገጣጠሚያዬንም ነክቶታል ብሎ ሜቶትሬክሴት የሚባል የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያረጋጋ መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር ጻፈልኝ። የጉበት ምርመራም በየጊዜው አለው። ችግሩ ልጅ መውለድ እንፈልጋለን፤ መድኃኒቱ ደግሞ ለጽንስ አደገኛ ነው። ማዘዣውን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ።

ይህ የገጠማችሁ ሴቶች፣ ሐኪማችሁ በምን ቀየረላችሁ? ወስዳችሁ ያቆማችሁስ ለማርገዝ ምን ያህል ጠብቁ ተባላችሁ? አዲስ አበባ ውስጥ የብርሃን ሕክምና (ቆዳ ላይ በልዩ ጨረር የሚሰጠውን) ያገኘ ካለም ቢነግረኝ።

እባካችሁ ነጭ ሽንኩርት ቀቢበት አትበሉኝ። ሞክሬው አቃጠለኝ፣ በተቃጠለው ላይ ያው ሶሪያሲስ ወጣበት።