ድመቴን ከአራስ ልጄ መኝታ እንዴት ላርቃት?

የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ሆኖ መኝታው በመጋረጃ የተከለለ ነው። ልጃችን ገና ለ40 ቀን ክርስትናው አልደረሰም።

ሁለት ድመቶች አሉን። ወንዱ ማድቤት ምድጃው ዳር ስለሚያድር አያስቸግርም። ጭንቀቴ ሴቷ ናት። ሌሊት ህፃኑ ጋቢ ውስጥ ገብታ አንገቱ ስር ጥቅልል ትላለች። ተንኮል የላትም፣ ሙቀት ፈልጋ ነው። ግን ፊቱ ላይ ተኝታ ብታፍንብኝስ?

አጎበር ሰቀልኩ። እላዩ ላይ ወጥታ ስትተኛ ረግቦ ወደ ህፃኑ ፊት ወረደ፤ ይሄስ ባሰ። ውጭ አሳደርኳት። በሩን እየቧጨረች ስትጮህ ልጁም እኔም ሳንተኛ ነጋ። ካርቶን ውስጥ አሮጌ ነጠላ አንጥፌ ከመጋረጃው ወዲያ አስቀመጥኩላት። ቀን ቀን ትተኛበታለች፤ መብራት ሲጠፋ ግን ተመልሳ አልጋው ላይ ናት።

እናቴ ለሰው ስጫት ትላለች። አልጨክንም። የበቆሎውን ጆንያ ከአይጥ የጠበቀችልን እሷ ናት፣ እርጉዝ እያለሁም ከጎኔ አልተለየችም። ኩሷን ባለቤቴ ይጠርጋል፣ እጃችንንም በሳሙና እንታጠባለን፤ የቀረን የሌሊቱ ነገር ብቻ ነው።

መኝታው በር በሌለው ቤት እየኖራችሁ፣ ድመታችሁ ሌሊት ህፃኑ አልጋ ላይ እንዳትወጣ ያስለመዳችሁ፣ ምን አድርጋችሁ ተሳካላችሁ?