ለአጂሊቲ ውድድር የመጀመሪያ ውሻዬን ልመርጥ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠያቂ፣ ባሕር ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ። ውሻ መሰናክል እየዘለለ፣ በቱቦ እየሾለከ፣ በተተከሉ ዘንጎች መካከል እየተጠማዘዘ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበትን አጂሊቲ የተባለውን ስፖርት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በግቢያችን ልንጀምር፣ ከተሳካልንም ራቅ ወዳለ ውድድር ልንሄድ አስበናል። እስካሁን ያሳደግሁት ቀን ታስሮ የሚውል፣ ሌሊት የሚለቀቅ የቤት ጠባቂ ብቻ ነው። አሁን ከአዲስ አበባ ሊመጣልኝ የሚችል የአምስት ሳምንት የማሊኗ ቡችላ፣ ጎረቤቴ ዘንድ የተወለዱ የጀርመን ሸፐርድ ቡችሎች እና ዳንግላ አክስቴ ቤት ያሉ የአበሻ ውሻ ግልገሎች ቀርበውልኛል። ሥራ ውዬ የምገባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ማሊኗውን ይተዉት። እኔ የመጀመሪያ ውሻዬ ማሊኗ ስለነበረ የምናገረው ከደረሰብኝ ነው፤ ሥራ ባጣ ቀን ጀሪካን ይዘነጥላል፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ጥላ ሲያሳድድ ይውላል። ቤልጅግ ውስጥ ለእረኝነት የተዳቀለ ዘር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ብቻውን መዋል አይሆንለትም። ከሁሉም የከፋው ግን ፍጥነቱ ነው፤ አብሮት የሚሮጠው ጀማሪ ባለቤት ቀጣዩን መሰናክል በእጁ ዘግይቶ ሲያሳይ ውሻው ቀድሞ የተሳሳተውን መሰናክል ዘሎ ይገኛል፣ ያንኑ ስሕተት ደግሞ ይለምደዋል። አጂሊቲ እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ በክራፍትስ የውሻ ትርኢት ላይ ለተመልካች መዝናኛ ሲቀርብ የተቀዳው ከፈረስ ዝላይ ነውና፣ መሰናክል የሚጥል ፈጣን ውሻ ሳይሳሳት በሚጨርስ ዘገምተኛ ይበለጣል።

መልስ፣ የእንስሳት ሐኪም፦
ዘሩ ምንም ይሁን ምን፣ በአምስት ሳምንቱ ከእናቱ የሚለይ ቡችላ አይቀበሉ። ንክሻውን መቆጣጠር የሚማረው ከወንድሞቹና ከእናቱ ጋር ሲላፋ ስለሆነ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ይሙላ። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ያየውንና የሰማውን ሁሉ በቀላሉ ስለሚለምድ፣ የባጃጁን ድምፅ፣ ሕፃናትንና ልዩ ልዩ ወለል በዚህ ጊዜ ያስተዋውቁት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በሦስት ወሩ ያስከትቡት። ሸፐርዱን ከመረጡ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር ስለሚተላለፍ እናትና አባቱ ሲነሡና ሲሮጡ በዓይንዎ ይዩ፣ የራጅ ውጤት ካለም ይጠይቁ። ከፍ ያለ ዝላይ አጥንቱ እድገቱን እስኪጨርስ ይቆይ፤ ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን (ኤፍ ሲ አይ) ራሱ ከ18 ወር በታች ያለ ውሻ በአጂሊቲ እንዲወዳደር አይፈቅድም።

መልስ፣ ከዳንግላ፦
የአበሻ ውሻ ለምን ተናቀ? የእኔዋ ከእናቷ ጋር ደጅ ያደገች ናት፤ ዛሬ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተከልኋቸውን 12 የባሕር ዛፍ ዘንጎች አንድም ሳትዘል ትጠማዘዛለች። የሚወዛወዘውን ሳንቃ ግን መሬት ሲመታ በሚያሰማው ድምፅ ደንግጣ ሁለት ሳምንት አልጠጋም አለች፤ መውደቂያው ሥር በጤፍ ጭድ የተሞላ ጆንያ አነጠፍሁ፣ ጭዱንም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀነስሁ አለማመድኋት። (ውሻ ቤት ታስገባለች ብለው ያሙኝ ጎረቤቶቼ አሁን አጥር ላይ ቆመው ያዩናል።) በየአገሩ ያሉ ብዙ ውድድሮች ዘሩ ያልታወቀንም ውሻ ይቀበላሉ፤ የኤፍ ሲ አይ የዓለም ሻምፒዮና ግን የዘር ሐረግ ወረቀት ይጠይቃል፤ ይህን አስቀድመው ይወቁት። ግልገሎቹን አንድ በአንድ ወደማያውቁት ስፍራ ወስደው ጨርቅ ይጎትቱላቸው፤ ከዚያም ራቅ ብለው የድስት ክዳን ይጣሉ። መደንገጥ ነውር አይደለም፤ ቶሎ ተመልሶ የሚጫወተውን ይውሰዱ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ዳንግላ ሄጄ ክዳኑን ጣልሁ። ሁለቱ አክስቴ ቀሚስ ሥር ገቡ፤ ግንባሯ ነጭ የሆነችው ግን ዘላ ሸሸች፣ ዞራ መጥታ ክዳኑን አሸተተች፣ በመጨረሻም ነክሳ ልትጎትተው ሞከረች። ስድስት ሳምንቷ ስለሆነ ከእናቷ ጋር ትቻት ተመልሻለሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ አመጣታለሁ። ቀን ከቤት የምትውለው እናቴም ከአሁኑ ስም እያወጣችላት ነው።