አዲሱ ቅጠል ለምን ይገረጣል? የአኳሪየም ተክል የምታውቁ እርዱኝ
ፒያሳ በሚገኘው ቤቴ ባለ 100 ሊትር አኳሪየም ውስጥ የተከልኋቸው የአማዞን ሰይፍ ተክሎች፣ ከሁለት ወር ወዲህ የሚያወጡት ለጋ ቅጠል ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ሌላው ገጹ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኗል። ናይትሮጅንና ፖታሲየም ሲያንሱ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ ስለሚያዛውራቸው ጉዳቱ ከአሮጌው እንደሚጀምር፣ ብረት ግን በቀላሉ ስለማይዛወር እጥረቱ በለጋው እንደሚታይ አውቃለሁና፣ የጠረጠርሁት ብረትን ነው። ይሁንና በአንድ አሮጌ ቅጠል ላይ ዙሪያው ቢጫ የሆነ፣ የመርፌ ቀዳዳ የሚያክል ብሳት አገኘሁ፤ የፖታሲየም እጥረት ይሁን የቀንድ አውጣዎቼ ሥራ (እነርሱን ከቶ አላምናቸውም) መለየት አልቻልሁም። ተክሉን የሸጠልኝ ሰው የአበባ ማዳበሪያ እንድጨምር ቢመክረኝም፣ አሞኒያው ዓሦቼን እንዳይፈጅ ፈርቼ ተውሁት። የውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 7.4 በመሆኑ በኢዲቲኤ (ብረትን በውኃ ውስጥ ሟሙቶ እንዲቆይ በሚያስር ውህድ) የታሰረ ብረት ብዙ አይጸናም፤ ታዲያ በዲቲፒኤ (ይበልጥ በሚጸና ሌላ ማሰሪያ) የታሰረውን ልፈልግ ወይስ ከሥሩ አጠገብ የሚቀበር የማዳበሪያ እንክብል ይሻላል?