ፖለቲካችን የሚቦካው ቤት ውስጥ ነው?

የሽምብጡ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ የሰፈር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሰብሳቢው «ተቃውሞ ያለው?» ሲል ሁሉም ጭጭ። ጸደቀ። ደጅ ስንወጣ ግን ያላማ ሰው የለም! እና በጣና ሐይቅ ዳር ወደ ቤት ስመለስ ሳስበው፣ ይሄ ነገር ከቤት ነው የመጣው አልኩ። ልጅ ሆኜ እንግዳ ሲመጣ ኩራዝ ይዤ ነበር የምቆመው። አባቴ ይበላል፣ እንግዳው ይበላል፣ ጭሱ ዓይኔን ይለበልበኛል፣ ማሸት ግን ነውር ነው። አፌን የምከፍተው ሲጠይቁኝ ብቻ። እንዲህ ያደገ ሰው ሰብሳቢ ፊት ምን ይላል?

ኢማኑኤል ቶድ የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪም ይሄንኑ ነው የሚለው። በ1976 (በፈረንጅ) ሶቭየት ኅብረት ትፈርሳለች ብሎ የጻፈ ሰው ስለሆነ ዝም ብሎ አይናቅም። ሩሲያና ቻይና ውስጥ ወንዶች ልጆች አግብተውም ከአባታቸው ሥር ይኖሩ ነበር፣ ውርሱን ደግሞ እኩል ይካፈሉ ነበር። አባት አዛዥ፣ ወንድማማች እኩል። ኮሙኒዝም ሥር የሰደደው እንዲህ ያለ ቤት ባለበት አገር ነው ይላል። እንግሊዝ ግን ልጅ ቶሎ ከቤት ይወጣል፣ አባትም ሀብቱን ለፈለገው ይናዘዛል። ስለዚህ ነፃነት ይወዳሉ፣ ለእኩልነት ብዙም አይጨነቁም። ጀርመንና ጃፓን ደግሞ ቤቱን የሚወርሰው አንድ ልጅ ነበር። የኛስ? እስኪ ተከራከሩ።

ባጃጁ፦ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ። ጨረስኩ።

የዘጌ ልጅ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ኩራዙን አልክድህም፣ እኔም ይዣለሁ። የቶድ ነገር ግን እኛ ጋ አይሠራም። ጎጃም ውስጥ ወንድ ልጅ ካገባ በኋላ አባቱ ጋ ትንሽ ይቆይ ይሆናል እንጂ ጎጆ ይወጣል። የራሱ በሬ፣ የራሱ ማጀት፣ የራሱ አጥር። (እኛ ዘጌ እርሻ የለም፣ ቡናና ጌሾ ነው፤ በሬውን የማውቀው በእናቴ ወገን ነው።) ሦስት ወንድማማች ከነሚስቶቻቸው ባንድ ምድጃ የሚኖሩበት ቤት እስኪ አሳየኝ። ይሄ ከሩሲያው ይልቅ ለእንግሊዙ ይቀርባል። ደርግ ግን መጣ። በሰውየው ሒሳብ መምጣት አልነበረበትም።

የሽምብጡ፦ ደርግ ከሠራዊቱና ከከተማው ነው የመጣው፣ ከገበሬው ቤት አይደለም።

የዘጌ ልጅ፦ አየህ! ከቤት ያልወጣ ፖለቲካም አለ ማለት ነዋ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ሁለታችሁም አባት ላይ ተቸክላችኋል። እኛ ጋ ሰውን ያሰረው ርስት ነው። ርስት ደግሞ በአባት ብቻ አይቆጠርም። በእናትም፣ በእናት እናትም ይቆጠራል። አላን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ በኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ እዚሁ ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይሄን አጥንቷል። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው «ዋና አባት» ይባላል፣ ከሱ የተወለደ ሁሉ በወንድም በሴትም ቆጥሮ ድርሻ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ብዙ ዋና አባት አለው። ዘንድሮ ባንዱ ይከስሳል፣ ከርሞ በሌላው። እዚህኛው ርስት ላይ አብሮት የቆመ ዘመዱ እዚያኛው ላይ ባላንጣው ነው። በዚህ ላይ እንደ ግንብ የቆመ ጎሳ ከየት ይመጣል? የሚያሸንፈው ዘር መቁጠር የሚችል፣ አፍ ያለው፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር የተጠጋ ሰው ነበር። ይሄ ፖለቲካ አይደለም?

ሌላም ልጨምር። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም ያመፀው በእርሻ ገቢ ግብር ነው ይባላል። እውነት ነው። ገበሬውን ያስበረገገው ግን ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። መሬቱ ሊለካ ነው፣ ቃላድ (የመለኪያ ገመድ) ሊጣልበት ነው የሚለው ፍርሃት ነበር። ተለክቶ በአንድ ሰው ስም ከተጻፈ «በአያቴ በኩል እገባለሁ» የሚባለው ነገር አከተመ። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣም ለደቡቡ ጭሰኛ የምሥራች ነበር፣ እዚህ ግን ብዙ ሰው በጥርጣሬ ነው ያየው። አዋጁ አንድ ነው። የገባበት ቤት ግን አንድ አልነበረም።

የዘጌ ልጅ፦ መምህር፣ ይሄስ ተስማማኝ። አንድ ልጠይቅዎት። ጆሴፍ ሄንሪክ የሚባል ሌላ ተመራማሪ የምዕራብ አውሮፓ ሰው ከዘመዱ ተላቆ ራሱን የቻለው ቤተ ክርስቲያናቸው የዘመድ ጋብቻ ስለከለከለች ነው ይላል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ክልከላው እስከ ሰባት ትውልድ ደርሶ ነበር፣ በ1215 (በፈረንጅ) ወደ አራት አወረዱት። ሰባት! እኛም እኮ ሰባት ቤት ነው የምንቆጥረው። ታዲያ የኛ ለምን ዘመድ አላላላም?

ባጃጁ፦ ሰባት ቤት አታንሱብኝ። ሦስት ልጅ አስቀርቶብኛል። ሦስተኛዋ ስድስተኛ ቤት ሆና የተገኘችው ሽማግሌ ከላክሁ በኋላ ነው!

ጡረተኛው መምህር፦ ሃሃሃ፣ እግዜር ያጽናህ። ለጥያቄው፣ የኔ ግምት ነው፣ ሰባት ቤት ርቀህ ስታገባ ዘመድ አበዛህ እንጂ አልቀነስክም። ልጅህ በሁለት ወገን ርስት ቆጣሪ ሆነ። መሬት የሚገኘው በዘመድ እስከሆነ ድረስ ማን ዘመዱን ይተዋል?

ጠበቃዋ፦ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ቤተሰብ መንግሥትን ይሠራል ስትሉ መንግሥትም ቤተሰብን እንደሚሠራ ዘለላችሁት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ይለዋል፣ ሚስት እንድትታዘዘውም ጽፏል። የሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 ነበር። በ1992 የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሲሻሻል አለቃነቱ ቀረ፣ ዕድሜውም ለሁለቱም 18 ሆነ። ክልላችን አማራም በ1995 የራሱን አወጣ። የመሬት ይዞታ ደብተሩም መጣ፣ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን። በቀደም አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው፣ በነጠላ ቋጥረው ከጉያቸው አወጡት። ማንበብ አይችሉም። ፎቶውን በጣታቸው ነክተው «እኔ እቺ ነኝ» አሉኝ። ባልየው መሬቱን ሳያማክራቸው አከራይቶት ነው። እናንተ ኩራዝ በያዛችሁበት ዘመን ቢሆን እኚህ ሴት ምን አፍ ነበራቸው? አሁን አላቸው። ከየት አመጡት?

የሽምብጡ፦ እህቴ፣ ሕግ ወረቀት ነው። ቤት ውስጥ ካልገባ ምን ዋጋ አለው?

የዘጌ ልጅ፦ ቤቱም እኮ እየተለወጠ ነው። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው አማራ ክልል 3.7፣ አዲስ አበባ 1.8 ነው። ኩራዝ የሚይዝ ልጅ ራሱ እያለቀ ነው።

ጠበቃዋ፦ ወረቀት ካልክ አይቀር የሽምብጡ፣ እህት አለችህ?

የሽምብጡ፦ አለችኝ። ደብረ ታቦር ነው ያገባችው።

ጠበቃዋ፦ አባትህ ሲያርፉ ከመሬቱ ድርሻዋን ወሰደች?

የሽምብጡ፦ «ለወንድሞቼ ይሁን» አለች።

ጠበቃዋ፦ አለች ወይስ አስባላችኋት?

የሽምብጡ፦ እውነቱን ልናገር? ሽማግሌዎቹ፣ አጎቶቻችን፣ እኛ ወንዶቹ፣ ወደ ሃያ ሰው በተቀመጠበት «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ተባለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ተስማምታለች ተባለና ተፈረመ።

ባጃጁ፦ «ተቃውሞ ያለው?» ነዋ የተባለችው!

የሽምብጡ፦ ገባኝ ባክህ። ቆይ ልደውልላት።

የሽምብጡ፦ ደወልኩ። ደነገጠች፣ «ማን ሞተ?» ነው ያለችኝ በዚህ ሰዓት ስደውል። የልጆቿን ትምህርት፣ የጤፉን ዋጋ አወራን። የመሬቱን ሳላነሳ ዘጋሁት።