የቮልስ የዘይት ግፊት መለኪያ ፊቲንግ ከሞተሩ ጥርስ ጋር አልገጥም አለኝ

ጥያቄ፦ የአባቴ ቮልስ (አዲስ አበባ)

የተከበራችሁ የድሮ መኪና ወዳጆች፣ ከአባቴ የወረስኩት እ.ኤ.አ. የ1970 ሥሪት ቮልስ 1300 አለኝ። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ሞተሩ በደንብ ከጋለ በኋላ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል፤ ነዳጅ ስረግጥ ግን ወዲያው ይጠፋል። የዘይቱ መጠን ልክ ነው፣ ከተቀየረም ሁለት ወር አልሞላውም። ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ተሸካሚ) አልቆ ይሁን መብራቱን የሚያበራው የዘይት ግፊት ስዊች ብቻ ተበላሽቶ ሳላውቅ ሞተር ማስወረድ ስላልፈለግኩ፣ አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለበዓል ሲመጣ በቱቦ የሚሠራ የዘይት ግፊት መለኪያ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። በካርቶኑ ውስጥ መለኪያው፣ ቀጭን የናይለን ቱቦና የነሐስ ፊቲንጎች አሉ።

ችግሬ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ያለውን የድሮውን ስዊች ፈትቼ አዲሱን ፊቲንግ በእጄ ሳስገባው ሁለት ዙር ያህል በሰላም ሄዶ ቀጥ ይላል። መካኒኬ «በቁልፍ ጠበቅ ቢደረግ መንገዱን ያገኛል» ብሎ ሲነሣ እኔ ከለከልኩት። ከዚያም ሶማሌ ተራ ወርጄ፣ ሻጩ «ይኼ የቮልስ ነው» ብሎ የሰጠኝን ሌላ ፊቲንግ ሞከርኩ፤ እሱ ደግሞ እንደሚነቃነቅ የልጅ ጥርስ እየተወዛወዘ ይገባና ሦስተኛው ዙር ላይ ይይዛል። ስዊቹንና ሁለቱን ፊቲንጎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ባያቸው በዓይን የሚለዩ አይደሉም።

የማን ጥርስ ከማን ጋር እንደሚሄድ በምን ልለየው? መካኒኬ እንዳለው ማጥበቁስ የሚያስከትለው ጉዳት አለ?

መልስ፦ ባለቶርኖው (አዳማ)

ወንድሜ፣ መካኒክዎን መከልከልዎ ትልቅ ወጪ አድኖዎታል። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ ከነሐስ ጋር ሲታገል የሚሸነፈው እሱ ነው። የተሳሳተ ፊቲንግ በግድ ሲገባ «መንገዱን የሚያገኘው» የሞተሩን ጥርስ እየላጠ ነው፤ ፍላጩም ወደ ዘይት መተላለፊያው ይወርዳል፤ ሾጠጥ ያለው ፊቲንግ ደግሞ እንደ ሽብልቅ ሆኖ የቀዳዳውን ዙሪያ ሊሰነጥቀው ይችላል።

አሁን ወደ ልዩነቱ እንምጣ። ስዊቹ የሚገባበት ቀዳዳ ኤም 10 በ1 ነው፤ ይህም ማለት ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ጥርስ ያለው ርቀት ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ከአሜሪካ የመጣልዎ በጠባዩ ሲታይ 1/8 ኤንፒቲ የሚባለው፣ ወደ ጫፉ ሾጠጥ የሚለው የአሜሪካ የቧንቧ ጥርስ ነው። ስሙ 1/8 ኢንች ስለሚል ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ቁጥሩ ግን የጥንቱን ቧንቧ የውስጥ ስፋት እንጂ የጥርሱን ውፍረት የሚናገር አይደለም፤ ወፍራሙ ጎኑ 10.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በአንድ ኢንች ውስጥ 27 ጥርስ ስላለው ርቀቱ 0.94 ሚሊ ሜትር ነው። የሶማሌ ተራው ደግሞ 1/8 ቢኤስፒ የሚባለው የእንግሊዙ የቧንቧ ጥርስ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ በኢንች 28 ጥርስ ሲኖረው ውፍረቱ 9.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የተወዛወዘብዎትም ስለቀጠነ ነው። ሁለቱም ሁለት ሦስት ዙር የሚገቡት በየጥርሱ ያለው ጥቂት ስሕተት ተጠራቅሞ ክፍተቱን እስኪሞላው ድረስ ነው።

ካሊፐር ካለዎት ከመጀመሪያው ጥርስ ጫፍ እስከ ስድስተኛው ጥርስ ጫፍ ይለኩ፤ ይህ አምስት እርምጃ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ቢመጣ የቮልሱ፣ 4.7 ቢመጣ የአሜሪካው፣ 4.5 ቢመጣ የእንግሊዙ ነው። ካሊፐር ከሌለዎት የድሮውን ስዊችና ፊቲንጉን ጥርስ ለጥርስ ገጥመው ወደ ብርሃን ይያዟቸው፤ ወንድማማች ከሆኑ ብርሃን ሳያስገቡ ይከደናሉ፤ ካልሆኑ ጫፍ ላይ ክፍተት ያያሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሙከራ ቀዳዳዎ ሞተሩ መሆን የለበትም። የቮልስ የፍሬን ቱቦ ዳዶም ኤም 10 በ1 ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ጋራዥ ጥግ የተጣለ የጎማ ፍሬን ሲሊንደር አንሥተው ፊቲንጉን በቱቦው ቀዳዳ ይሞክሩት፤ እዚያ በእጅ ያልገባ ሞተሩም ላይ አይገባም።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

ባለቶርኖው የጻፉት ትክክል ነው። እዚህ አሜሪካ በየመለዋወጫ መደብሩ የሚሸጡት መለኪያዎች ብዙዎቹ 1/8 ኤንፒቲ ናቸው፤ እኔም ቮልሴን ሳድስ እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ነበር። መፍትሔው በመሐል የሚገባ አስማሚ ነው፤ አንዱ ጫፉ ወንዴ ኤም 10 በ1፣ ሌላው ጫፉ ሴቴ 1/8 ኤንፒቲ የሆነ። አንዳንድ ሰዎች የሞተሩን ቀዳዳ እንደ አዲስ በኤንፒቲ ጥርስ እንዲያስወጡ ይመክራሉ፤ እኔ አልደግፈውም፤ ነገ የፋብሪካውን ስዊች ልመልስ ቢሉ መግቢያ ያጣል።

ከፊቲንጉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቱቦው ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ ዳሽቦርዱ ከፊት ነው። መለኪያውን ሾፌሩ ፊት ለማድረግ የጋለ ዘይት የተሸከመ የናይለን ቱቦ መኪናውን ሙሉ ሊያቋርጥ ነው። ቱቦው አንድ ቦታ ጭስ ማውጫ ነክቶ ቢቀልጥ ወይም ቆርቆሮ ቢቆርጠው፣ ያ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ስለሆነ ሳያውቁት ባዶውን ይቀራል፤ በጋለ ብረት ላይ የፈሰሰው ዘይት የሚያመጣውን ደግሞ መናገር አያስፈልግም።

ስለዚህ መለኪያውን በቋሚነት ለማስቀመጥ ካሰቡ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን እመክራለሁ። ቪዲኦ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኤም 10 በ1 ጥርስ ያለውና ሁለት መውጫ ያለው ሴንሰር ይሠራል፤ አንዱ ለመለኪያው፣ ሌላው ለዘይት መብራቱ ነው፤ ስለዚህ መብራቱን አያጡም፣ አንዱን ቀዳዳ ለሁለት የሚከፍል ቲ ፊቲንግም አያስፈልግዎትም። ከባድ ሴንሰር በነሐስ ቲ ላይ ተንጠልጥሎ ከሞተሩ ጋር ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ አንገቱ ላይ ሲሰበር በዓይኔ አይቻለሁ። ሴንሰሩና መለኪያው ግን የአንድ ወገን መሆን አለባቸው፤ ግፊቱ ሲጨምር የቪዲኦ ሴንሰር የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ከ10 ወደ 184 ኦም ሲወጣ የብዙዎቹ የአሜሪካ መለኪያዎች ከ240 ወደ 33 ይወርዳል፤ ቢቀላቀሉ መርፌው ውሸታም ይሆናል። ሴንሰሩ ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው በራሱ ጥርስ በኩል ስለሆነ ቴፍሎን ባይጠቀልሉበት ይሻላል።

መልስ፦ ላንድሮቨር 109

የሜሪላንዱ ወንድማችን ስለ ቱቦው ያሉትን እቀበላለሁ፤ ግን ጠያቂው አሁን የፈለጉት ምርመራ ነው፤ ለምርመራ ደግሞ በቱቦ የሚሠራውን የሚያህል የለም፤ ዘይቱ ራሱ መጥቶ ነው የሚናገረው። መለኪያውን ዳሽቦርድ ላይ ሳያስሩ፣ የሞተሩን ክዳን ከፍተው አጭር ቱቦ ብቻ ቆርጠው እዚያው በእጅዎ ይዘው ያንብቡት፤ ሲጨርሱ ስዊቹን ይመልሱ።

መብራቱ ራሱ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስዊቹ የሚከፈተውና የሚዘጋው ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ሲሆን ነው፤ ስለዚህ መብራት ጠፋ ማለት ግፊት አለ ማለት እንጂ በቂ ግፊት አለ ማለት አይደለም። በቮልስ ሞተር ዘይቱ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ፣ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ 28 ፒኤስአይ ወይም 2 ባር ገደማ እንደ ዝቅተኛ ልክ ይያዛል።

ስለ ቱቦው ጫፍም ልንገርዎት፤ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚያ ነው። ቱቦውን በምላጭ ቀጥ አድርገው ይቁረጡት፤ በመቀስ ከቆረጡት ይጨፈለቃል። መጀመሪያ ዳዶው፣ ቀጥሎ ትንሿ የነሐስ ቀለበት፣ ከዚያ ለናይለን የምትሰጥ የውስጥ ደጋፊ ቱቦ ካለች እሷ ትገባለች። በእጅ ካጠበቁ በኋላ በቁልፍ ጥቂት ብቻ ይጨምሩ፤ ከመጠን በላይ የተጠበቀ ቀለበት ናይለኑን አንቆ ያንጠባጥባል። ቴፍሎን የሚጠቀለለው በኤንፒቲው ጥርስ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች ባዶ ትቶ፤ ያለበለዚያ ቁራጩ ከዘይቱ ጋር ይጓዛል። ቀለበቷና ዳዶው ቴፍሎን አይፈልጉም።

ለነገሩ የእኔ መኪና እንግሊዛዊ ስለሆነ የድሮው የስሚዝስ መለኪያዬ 1/8 ቢኤስፒ ነው፤ እኔ ደግሞ የአሜሪካውን ፊቲንግ ይዤ ስቸገር ነበር የኖርኩት።

መልስ፦ ባለቶርኖው (አዳማ)

ለኮምፕረሰር ሥራ የምጠቀምበት የ1/8 ኤንፒቲ ታፕ (የውስጥ ጥርስ ማውጫ) ስላለኝ አስማሚውን ከባለ ስድስት ጎን ነሐስ ልሠራልዎ እችላለሁ። የድሮውን ስዊች አብረው ይላኩልኝ፤ ጥርሱ ወደ ጫፉ ሾጠጥ ስለሚል ያለ ሮንዴላ የሚያሽገው እሱው ነው፤ እኔም ያንኑ መልክ አስይዤ አወጣዋለሁ።

ጠያቂው፦ የአባቴ ቮልስ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በካሊፐር ስለካው የአሜሪካው 4.7፣ የሶማሌ ተራው 4.5 ወጣ፤ ልክ እንደተባለው። ሁለቱንም ሰፈራችን ካለ ጋራዥ ባገኘሁት የዛገ የፍሬን ሲሊንደር ሞከርኳቸው፤ ሁለቱም እንቢ አሉ፤ የባለቶርኖው አስማሚ ግን ከአዳማ እንደመጣ በሁለት ጣት ገባ፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ቀስ ብሎ ጠበቀ።

መኪናውን ግማሽ ሰዓት ያህል ነድቼ ካጋልኩት በኋላ፣ የዙር መለኪያ ያለው መካኒክ አጠገቤ ቆሞ አነበብነው። በ2500 ዙር 2.6 ባር፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ደግሞ 0.9 ባር አሳየ፤ ደጋግመን ብንሞክር አልወረደም። መብራቱ በዚህ ግፊት መብራት ስላልነበረበት ጥፋቱ የስዊቹ ነው ብለን አዲስ አስገባን፤ እስካሁን አልበራም። የቱቦው ጫፍ መጀመሪያ ላይ ጥቂት አልቦ ነበር፤ በመቀስ ቆርጬው ስለነበር በምላጭ ደግሜ ስቆርጠው ደረቀ።

ሁለት መውጫ ያለውን ሴንሰር ከነመለኪያው ለማስመጣት አስቤያለሁ፤ የእኔ መኪና 12 ቮልት ስለሆነ በዚያ በኩል ችግር የለም። የሶማሌ ተራውን ፊቲንግ ግን ምንም ስለማልሠራበት፣ ላንድሮቨር 109 አድራሻዎን በውስጥ መስመር ቢልኩልኝ በነጻ እልክልዎታለሁ።