አባዬ ልቡን ታሞ ኦክስጅን ለምን ከለከሉት?

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሌሊት አባዬን ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። በዚያ ብርድ ላቡ ጋቢውን አራሰው። ባጃጅ ለምነን ሆስፒታል አደረስነው። ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ አነሱት፣ አስፕሪን አስኘኩት፣ «ሃርት አታክ ነው» አሉን። ጣቱ ላይ የቆነጠጡት የደም ኦክስጅን መለኪያ ማሽን 93 በመቶ ይላል። የኦክስጅኑ ሲሊንደር ራስጌው ቆሟል፣ የሚከፍተው ግን የለም። ሐኪሙ «አያስፈልጋቸውም» ሲለኝ ጮህኩበት። አጠገባችን በአስም ለመጡት ሴትዮ ወዲያው ሰክተውላቸዋል እኮ! አባዬ አሁን ደህና ነው። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። ቆጥበውብን ይሆን?

ሲስተር፣ ድንገተኛ ክፍል፦
እንኳን አባባ ተረፉልህ። እኔም ስማር ደረቱን ላመመው ሁሉ ኦክስጅን ነበር፤ ሳናስብ ነበር የምንሰካው። ሴትዮዋ አየር አጥሯቸው ነው። የአባባ ደም ግን ኦክስጅን አላጣም፤ ወደ ልብ የሚወስደው ደም ስር ነው በረጋ ደም የተደፈነው። ጣርማ በር ዋሻው ላይ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ሲዘጋ ከኋላ ሌላ መኪና ብትጨምር ምን ይፈይዳል?

እንዲያውም ኦክስጅን ሲበዛ የልብ ደም ስሮችን ያጠባል። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ኦክስጅናቸው ሳይወርድ በደቂቃ 8 ሊትር የተሰጣቸው ሰዎች የተጎዳው የልብ ጡንቻቸው ሰፍቶ ተገኘ። በ2017 ደግሞ ስዊድኖች 6,629 ሰው ላይ ሞከሩት፣ ሁሉም 90 እና ከዚያ በላይ የነበራቸው። በዓመቱ የሞቱት ኦክስጅን ካገኙት 5.0 በመቶ፣ ካላገኙት 5.1 በመቶ። ልዩነት የለውም ማለት ነው። አሁን የምንሰጠው ከ90 በታች ሲወርድ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ 93 እዚያ ጤነኛው ላይም አይጠፋም።

የአምቡላንስ ሹፌር፦
ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ በሽተኛ ሳመጣ በሩ ሳይዘጋ ቤተሰቡ «ኦክስጅን! ኦክስጅን!» ይለኛል። ደረቱን ካመመው ሁለት ቀን ሆኖታል፤ እሱን ማንም አያነሳም። መዘግየቱ ነው የሚገድለው።

ሲስተር፣ ድንገተኛ ክፍል፦
አፌ ላይ የነበረውን ተናገርክልኝ።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ቀጠሮ አለን፣ ሐኪሙን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የቸገረኝ አባዬ ነው። ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ «ያቺን ቧንቧ እንኳን ነፈጉኝ» እያለ ቡና ያስፈላል።