ቴሲስ በዝግመተ ለውጥና ሥነ ተዋልዶ ላብ፦ ዝንብ፣ ነቀዝ ወይስ ዓሣ?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አንድ የዝግመተ ለውጥና ሥነ ተዋልዶ ላብ ለተማሪዎች ሦስት ርዕስ ከፍቷል፦ በፍራፍሬ ዝንብ የስፐርም ፉክክር (አንዲት ሴት ውስጥ የተለያዩ ወንዶች ስፐርም እንቁላሏን ለማግኘት የሚሻማው)፣ በጥራጥሬ ነቀዝ ስሪያ ሴቷን ይጎዳል ወይ የሚል፣ በጋፒ ዓሣ ደግሞ የወንዱ ቀለምና የሴቷ ምርጫ። ያለኝ 6 ወር ነው። የላብ ልምድ የለኝም። የቱ ይሻለኛል? ለኃላፊዋስ ምን ብዬ ልጻፍ?

ዝንብ ቆጣሪ፦ ርዕሱን ተወውና የትውልድ ጊዜውን እይ። ዝንብ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከእንቁላል እስከ ጉልምስና 10 ቀን ገደማ ነው። ቢበላሽብህ ትደግመዋለህ። ጋፒ ግን ለመራባት ወራት ይፈልጋል።

ቀላል ነው ብለህ ግን እንዳትገባ። ድንግል ሴት ዝንቦች ያስፈልጉሃል፤ በዚያ ሙቀት ከወጡ 8 ሰዓት ካለፋቸው ወንድ አግኝቷቸው ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ያሉትን ዝንቦች በሙሉ ታራግፋለህ። ከሰዓት ተመልሰህ አዲስ የወጡትን በካርቦን ዳይኦክሳይድ አደንዝዘህ በማይክሮስኮፕ ትለያለህ። ገና የወጣችው ገርጣ ትላለች፣ ሆዷ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይታያል። እኔ አንዴ አንድ ወንድ ሳላየው ከሴቶቹ ጋር ገብቶ የሳምንት ልፋቴን ገደል ከቶታል።

ቪዲዮ ተመልካች፦ በጋፒው አልስማማም። ለምርጫ ሙከራ ላቡ ውስጥ ያደጉ ዓሣዎች ይበቃሉ፣ ትውልድ አትጠብቅም። ጊዜህን የሚበላው ሙከራው የተቀረጸበትን ቪዲዮ እያዩ ዓሣዎቹ ያደረጉትን መቁጠር ነው። ገና ያልተቆጠረ የድሮ ቪዲዮ ካላቸው ጠይቅ፤ እጅህ ውሃ ሳይነካ ቴሲስ ይወጣዋል። አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ዛሬውኑ ጀምር።

ነቀዝ ወዳጅ፦ ለጀማሪ ነቀዝ! የጎለመሰው ነቀዝ ያለ ምግብና ያለ ውሃ ይኖራል። ሴቷ እንቁላሏን የጥራጥሬው ፍሬ ላይ ትለጥፋለች፣ ቁጭ ብለህ መቁጠር ነው። ትውልዱም ወር ገደማ ነው። ጥያቄው ራሱ ደስ ይላል፦ የወንዱ ብልት እሾህ ስላለው ሴቷን ውስጧን ያቆስላታል፤ ከዘር ፈሳሹ ግን ውሃ ታገኛለች። እና ተጎዳች ወይስ ተጠቀመች? ለግማሾቹ ውሃ ስጣቸውና እይ።

ተማሪ አማካሪ፦ ስለ ኢሜይሉ እኔ ልበል። «ለሥነ ሕይወት ጥልቅ ፍቅር አለኝ» የሚል በየሳምንቱ ይደርሰኛል፣ አልፈዋለሁ። እንዲህ በል፦ «የነቀዙን ርዕስ መሥራት እፈልጋለሁ። ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ሙሉ ጊዜ አለኝ። የላብ ልምድ የለኝም። ሴቶቹ ውሃ ካገኙ ጉዳቱ ይቀንስ ይሆን የሚለውን ማየት ይቻላል?» የትምህርት ውጤትህን አያይዝ፣ በቃ። ስትገናኙ አንድ ነገር ሳትጠይቅ እንዳትወጣ፦ በየቀኑ ሥራውን የሚያሳየኝ ማነው? ብዙ ጊዜ ኃላፊዋ ሳትሆን የዶክትሬት ተማሪ ነው። ከመፈረምህ በፊት ከእሱ ጋር አውራ።

ጀማሪው፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ነቀዙን ይዤ ዛሬ እጽፋለሁ። ነቀዝ ግን ቅዳሜና እሁድም ያሠራል እንዴ?

ነቀዝ ወዳጅ፦ ያሠራል እንጂ። ድንግል እንዲሆኑ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ለየብቻ ታስቀምጣለህ፣ ማን እንደወጣ በየቀኑ ታያለህ። እሁድ መሆኑን አያውቁም።